ከመፈረሜ በፊት ያላነበብኩት የኮሚሽን ደንብ

በገበያው ስሙ ቀድሞ ከሚጠራ ድርጅት የሽያጭ ሥራዬን ለቅቄ፣ ያንኑ ገበያ ለመካፈል ወደሚታገል ትንሽ ድርጅት ከተዛወርኩ ሦስት ዓመት አልፏል። መልቀቄ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ብዙ ነገር መዝኜ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ግን ሳልመዝን መፈረሜ ነው። በዚያን ጊዜ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አስቀምጦ ቢነግረኝ ኖሮ የአንድ ዓመት ድካሜ መና ባልቀረ ነበር፤ ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ሁለት ድርጅቶች መካከል ለሚያመነታ የሽያጭ ባለሙያ የደረሰብኝን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ሁለቱም ድርጅቶች የሚሸጡት የሒሳብና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነበር። በትልቁ ድርጅት አራት ዓመት ሠርቼ በሦስቱ ኮታዬን፣ ማለትም በዓመት እንድሸጥ የተመደበልኝን መጠን፣ አልፌአለሁ፤ ይህንንም ለረጅም ጊዜ በራሴ ችሎታ ያመጣሁት ይመስለኝ ነበር። ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ግን ያን ሁሉ በር ሲከፍትልኝ የነበረው የድርጅቱ ስም መሆኑን ተረዳሁ። በሽያጭ ሰዎች ዘንድ ስለ ታዋቂው የኮምፒውተር ድርጅት «አይቢኤምን በመግዛቱ ከሥራ የተባረረ ሰው የለም» የሚል የቆየ አባባል አለ። የታወቀውን የመረጠ የግዢ ኃላፊ ነገሩ ባይሳካ እንኳ የሚወቅሰው የለም፤ ያልታወቀውን የመረጠ ግን ውጤቱን በራሱ ስም ይሸከማል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የሸጥኩት ከሶፍትዌሩ ይልቅ ይህን የኃላፊዎች መተማመኛ ነበር።

በትልቅ ድርጅት ውስጥ የሚያንገበግበው ሌላው ነገር ውጤት በጨመረ ቁጥር ኮታ መጨመሩ ነው። ለሻጮች ክልል ከልሎ መስጠትንና ኮታ መመደብን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን አምራች የሆነው የናሽናል ካሽ ሬጅስተር መሪ ጆን ፓተርሰን ሲሆን፣ በእርሱ ሥር የሠለጠነው ቶማስ ዋትሰን ደግሞ አሠራሩን ወደ አይቢኤም ወስዶታል። አሠራሩ በመልካም ጎኑ ለሻጩ የራሱ የሆነ መሬት ይሰጠዋል፤ በክፉ ጎኑ ደግሞ መሬቱን የሚለካውም የሚቆርሰውም ድርጅቱ ነው። ሮስ ፔሮ በአይቢኤም ሻጭ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1962 የዓመቱን ኮታ በጃንዋሪ ወር ውስጥ እንደጨረሰና ከዚያ በላይ የሚሸጥበት መንገድ እንደተዘጋበት በሙያው ውስጥ በሰፊው ይነገራል፤ በዚያው ዓመትም ወጥቶ የራሱን ድርጅት ኤሌክትሮኒክ ዳታ ሲስተምስን መሠረተ። እኔ ፔሮ አይደለሁም፤ ነገር ግን የዓመቱን ኮታ በስምንተኛው ወር ጨርሼ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ክልሌ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለአዲስ ሠራተኛ ሲሰጥ ኮታዬ ግን ከነበረው ከፍ ማለቱን ባየሁ ጊዜ ለመልቀቅ ወሰንኩ።

የቀረው ሒደት ቀላል ነበር። የሥራ ታሪኬን ላክሁ፣ ሦስት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ፣ ሶፍትዌሩን እንደ ደንበኛ አድርጌ ሞከርኩት፣ ወደድኩት። ምርቱ በእርግጥ ጥሩ ነበር፤ አለቃዬ የሚሆኑት የሽያጭ ዳይሬክተርም ሥራውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ይህን ሁሉ በደንብ አጥንቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቅጥር ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቋሚ ደመወዜና «ዓመታዊ ግብ ሲሟላ የሚገኝ ጠቅላላ ገቢ» በደማቅ ቀለም ተጽፈዋል። ጠቅላላ ገቢው በትልቁ ድርጅት ከማገኘው በ40 በመቶ ይበልጣል፤ ግማሹ ደመወዝ፣ ግማሹ ኮሚሽን ነው። በሁለተኛው ገጽ፣ ከዓመት ዕረፍትና ከሕክምና ቀጥሎ፣ «ኮሚሽን የሚከፈለው ድርጅቱ በየጊዜው በሚያወጣው ደንብ መሠረት ይሆናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። አንብቤዋለሁ። ዓይኔ አርፎበት አልፎታል። በማግሥቱ ደብዳቤውን ያሳየኋት የሥራ ጓደኛዬ «ደንቡንስ አየሽው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ለሰው ኃይል ክፍሉ ስልክ ደወልኩና ደንቡ እንዲላክልኝ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሱት ባለሙያ «እሱ እኮ መደበኛ ነገር ነው፤ ሥራ ስትጀምሪ ይደርስሻል» አሉኝ። ይህ መልስ አጠገበኝ። አራት ዓመት ሙሉ ለደንበኞች የውል አባሪዎችን አንድ በአንድ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ውል አባሪ ሳላይ በዚያው ቀን ፈረምኩ። እስከ ዛሬ በራሴ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህች ሰዓት አይወርድም።

ደንቡ የደረሰኝ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሲሆን 11 ገጽ ነበር። ከውስጡ አራት ነገሮች ኋላ ጎድተውኛል። አንደኛው፣ ኮሚሽን የሚታሰበው ደንበኛው ውል በፈረመበት ቀን ሳይሆን ክፍያውን አጠናቆ በከፈለበት ቀን ነው። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየወሩ በኮሚሽን ስም የሚሰጠኝ ገንዘብ ብድር ነው፤ ኋላ ከማገኘው ላይ ይቆረጣል። ሦስተኛው፣ ውሉ የብዙ ዓመት ቢሆንም የሚታሰበው የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ብቻ ነው። አራተኛው፣ የውሉ መጠን ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ ደንበኛው «የድርጅት ደንበኛ» ይባላል፤ ያን ጊዜ የሻጩ ድርሻ ከ10 በመቶ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፣ ክትትሉም ወደ ዳይሬክተሩ ይዛወራል። ይህን አራተኛውን ሳነብ በአዲስ ሠራተኛ እጅ እንዲህ ያለ ትልቅ ውል አይገባም ብዬ ተጽናናሁ።

ግን ገባ። አንድ የማሸጊያ ፋብሪካ ቀድሞ የምሠራበትን ድርጅት ሶፍትዌር ይጠቀም ነበር፤ እኔም ችግራቸውን ከድሮው አውቀዋለሁ። በአምስት መጋዘኖቻቸው ያለው ክምችት ከሒሳቡ ጋር ስለማይገጥም፣ የመጋዘን ኃላፊዋ በየወሩ መጨረሻ ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን እየቆጠሩ በትልቅ ሰማያዊ መዝገብ ላይ በእጃቸው ያሰፍሩ ነበር። ትልቁ ድርጅት ይህን እንዲያስተካክል ሁለት ዓመት ሲጠየቅ «በሚቀጥለው እትም» እያለ ቆይቷል። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ለፋይናንስ ኃላፊው ብቻ ማሳየት እንደማይበቃ ገባኝና ሁለት ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ከኃላፊዋ ጋር ቆሜ ቆጠርኩ፤ ከመዝገባቸው ላይ አንድ ገጽ ወስጄም በእኛ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቼ አሳየኋቸው። ልዩነቱ የመጣው ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ በሁለቱም ስለሚቆጠር እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ሲያዩት፣ እኚያ ሴትዮ ምንም ሳይናገሩ መዝገቡን ዘጉት። ጨረታውን ያሸነፍነው በዚያች ቀን ነው። የሦስት ዓመት ውል ተፈረመ፤ በድርጅቱ ታሪክም ትልቁ ሆነ።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ጠሩኝና አመሰገኑኝ። ከዚያም ደንበኛው ከዛሬ ጀምሮ የድርጅት ደንበኛ ሆኖ በእርሳቸው ስም እንደሚመዘገብ ነገሩኝ። «ይህን ደንበኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው በሩን እንኳ አላንኳኳም» አልኋቸው። «ልክ ነሽ፤ ግን ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» አሉኝ። ልዩ ውሳኔ የሚሰጥ አካል እንዳለ ጠየቅሁ፤ በደንቡ መሠረት የመጨረሻ ውሳኔ ሰጪው እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለሰው ኃይል ክፍሉ አቤቱታ ጻፍኩ። ከ20 ቀን በኋላ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ ደንቡ እንደደረሰኝ በፊርማዬ ማረጋገጤን ይገልጻል። በእርግጥም በሦስተኛው ሳምንት «ደርሶኛል» ብዬ ፈርሜያለሁ። አንድ ወረቀት መድረሱን ማረጋገጥና በይዘቱ መስማማት ለእኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ ለእነርሱ ግን አንድ ነበሩ።

ደንበኛው የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ በሁለት ጊዜ ስለከፈለ ኮሚሽኔ ተጨማሪ አራት ወር ቆየ። በመጨረሻ የደመወዝ መግለጫው ወረቀት ሲመጣ በአንደኛው መስመር 3 በመቶው ተጽፏል፤ በሁለተኛው መስመር የስድስት ወሩ ብድር ተቀናንሷል፤ በሦስተኛው መስመር «ኮሚሽን፦ 0» ይላል። ከታች በትንሽ ፊደል ወደ ሚቀጥለው ወር የሚተላለፍ ቀሪ ዕዳ አለ። ያን ወረቀት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። የድርጅቱን ትልቁን ውል ባመጣሁበት ዓመት ያገኘሁት ጠቅላላ ገቢ በትልቁ ድርጅት ከነበረኝ በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው ከተለመደው ምክር ጋር ይጋጫል። የቅጥር አማካሪዎች ስለ ክፍያ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ አታንሱ፣ ስግብግብ ያስመስላችኋል ይላሉ። ለሌላ ሙያ ይሠራ ይሆናል፤ ለሻጭ ግን ስሕተት ነው። የኮሚሽን ደንቡን ሙሉውን፣ ከቅጥር ደብዳቤው በፊት፣ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚያዘገዩ ከሆነ ዝም ብላችሁ ጠብቁ እንጂ አትፈርሙ። ባለፈው ዓመት ካሉት ሻጮች ስንቱ ኮታውን እንዳሟላ ጠይቁ፤ ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ ካሟሉ በደብዳቤው ላይ በደማቅ ቀለም የተጻፈው ገቢ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። ሥራ ብትለቁ በመንገድ ላይ ያሉ ሽያጮች ኮሚሽን ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእናንተ ቦታ የነበረውንና የለቀቀውን ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ እኔ ከእርሱ ጋር ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ግማሽ ሰዓት ባጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር፤ የለቀቀውም በዚያው አራተኛ አንቀጽ ምክንያት እንደነበረ ኋላ ሰማሁ።

ትንሽ ድርጅት ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ አዲስ ገቢ ባይመጣ በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል? ሽያጩ ለመዝጋት ስምንት ወር የሚፈጅ ሆኖ ገንዘቡ ስድስት ወር ብቻ የሚያስኬድ ከሆነ፣ የምታመጡትን ውል ለማየት ድርጅቱ ላይኖር ይችላል።

«መጀመሪያ በትልቁ ተማሪ፣ ከዚያ ወደ ትንሹ ሂጂ» የሚለውን ምክርም በግማሹ ብቻ እቀበለዋለሁ። በትልቁ ድርጅት ሥርዓትን ተምሬአለሁ፤ የደንበኛ መዝገብ አያያዝን፣ የትንበያ አሠራርን፣ ለጨረታ ሰነድ ማዘጋጀትን። መሸጥን የተማርኩት ግን በትንሹ ነው። ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ፊት ስትቆሙ፣ የሰውዬውን ችግር ከራሱ በተሻለ ካላወቃችሁ የምትናገሩት ነገር የላችሁም። መሪው ድርጅት በደንብ የያዛቸውን ደንበኞች ለመንጠቅ መሞከር ጊዜ ማባከን መሆኑን፣ እርሱ «በሚቀጥለው እትም» እያለ የሚያቆያቸውን መፈለግ እንደሚሻልም እዚያው አወቅሁ። ደግሞም የገበያ መሪነት የሚጸና ነገር አይደለም፤ በደንበኛ አያያዝ ሶፍትዌር ገበያ ላይ ሲቤል ሲስተምስ መሪ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ሴልስፎርስ ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት እያከራየ መጣ፤ ሲቤልን ኦራክል በ5.85 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ስለዚህ የድርጅቱን ትልቅነት እንደ ዋስትና ቆጥሮ መምረጥ አያዋጣም፤ ትንሽነቱንም እንደ ጀግንነት ቆጥሮ መምረጥ እንዲሁ።

ከዚያ ድርጅት በዓመት ከአምስት ወሬ ለቀቅሁ። ቀጥሎ ሁለት ጥሪ መጣልኝ፤ አንዱ ከሌላ ትልቅ ድርጅት፣ ሌላው ከበፊቱም ካነሰ ተፎካካሪ። ሁለቱንም የኮሚሽን ደንባቸውን ጠየቅሁ። ትልቁ ድርጅት ከፊርማ በፊት ለውጭ ሰው እንደማይሰጥ አሳወቀኝ፤ አመስግኜ ተውኩት። ትንሹ በሁለተኛው ቀን ሁለት ገጽ ላከልኝ። በውስጡ ኮሚሽኑ በዓመቱ መካከል ሊሻሻል እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ስለነበር፣ ማሻሻያው ቀድሞ የተጀመሩ ሽያጮችን እንደማይነካ እንዲጻፍበት ጠየቅሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ጨመሩበትና ሁለታችንም በየገጹ ፈረምን። በዚያ የመጀመሪያውን ውል የዘጋሁት በአምስተኛው ወር ነው። የደመወዝ መግለጫው ከመምጣቱ በፊት ደንቡን ፊቴ ዘርግቼ ኮሚሽኔን በእጄ አሰላሁና በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩት። ወረቀቱ ሲመጣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ነበሩ።