ቡና ላይ የሳቅነው ሳቅ

ዛሬ ቡና ላይ ሁላችንም በሳቅ ስንፈርስ፣ እትዬ ብቻ እግራቸውን አጣምረው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቀሩ። ሲኒ ሳጥብ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ስስቅም ስስልም ሽንቴ ያመልጠኛል፤ ከወለድኩ ጀምሮ ነው» አሉኝ። (ስሜን ካልጠራሽ ጻፊው ብለዋል።)

ፊዚዮቴራፒስቷ (በእንቅስቃሴ የምታክመው ባለሙያ) ለእኔ ያሳየችኝን ነገርኳቸው፦ ሽንትና ፈስ እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻውን ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ መሳብ፤ ትንፋሽ ሳይዙ፣ ቂጥ ሳይጨብጡ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። በአንዴ 8 ጊዜ መሳብና መልቀቅ፣ ይህንኑ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ማስነጠስ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ ጥብቅ!

እዚያው ቁጭ ብለው ጀመሩ። ቅንድባቸው አብሮ ወደ ላይ ይሳባል 😂

ለአራስ ገንፎውም አጥሚቱም አይቀርባትም፤ ይህን የሚነግራት ግን የለም። «የወለደች ሴት ወጉ ነው» ተብሎ ስንቷ ከሠርግ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታለች! እህቶቼ፣ ሐኪማችሁን ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ በሉ።