የታሰሰ ላሜራ

ልጁ ቅዳሜ ተሰናበተ። የተሰናበተበት ጥፋት የእሱ እንዳልሆነ የገባን ሰኞ ነው። ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን ዛሬም ኮምፕሬሰር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር የልጁ ፊት ይመጣብኛል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ጠባሴ በሚወስደው በኩል ያለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። የያዝነው ሥራ የወፍጮ ቤት ዱቄት ማፍሰሻ ነበር። እርጥበት ያለው ዱቄት አሉሚኒየሙ ላይ እየተጋገረ መንገድ ስለሚዘጋባቸው፣ ውስጡ ፖሊኢትሊን የሚባለውን ፕላስቲክ እንዲለብስላቸው ፈለጉ። ላሜራው 1.5 ሚሊሜትር ስለሆነ በነበልባል ከተረጨ ይጣመማል፤ ምድጃ ውስጥ እንዳንከተው ደግሞ ከምድጃችን ይተልቃል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ርጭት እንሞክር አልኩ፤ የፕላስቲኩን ፓውደር ሳያቀልጡ በአየር ፍጥነት መርጨት ማለት ነው። ኖዝሉን፣ ማለትም የመርጫውን አፍንጫ፣ በቶርኖ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮው 2 ሚሊሜትር፣ ከዚያ ወዲያ እየሰፋ የሚሄድ። በ7 ባር ግፊት የመጣው አየር ማሞቂያው ውስጥ አልፎ ኖዝሉ ላይ ይፈጥናል፣ ፓውደሩን ይዞ ላሜራው ላይ ይወረውራል።

ዘዴው የተገኘው ለብረት ነው። በ1980ዎቹ በሩሲያ ኖቮሲቢርስክ የነበሩ ተመራማሪዎች የብረት ብናኝ ሳይቀልጥ፣ በፍጥነቱ ብቻ ገጽ ላይ እንደሚጣበቅ አዩ። ብናኙ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሜትር ሄዶ ሲመታ ይጠፈጠፋል፤ ሲጠፈጠፍ በላዩ ያለው የዝገት ልባስ ይሰነጠቅና እርቃኑን የቀረው ብረት ከገጹ ብረት ጋር ይገናኛል። ፕላስቲክ እንዲህ አይደለም። ሲመታ ተጨፍልቆ ወዲያው ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ ሲመለስም ይነጥራል። ከአሉሚኒየም ጋር የሚዋሃድበት ኬሚካዊ ትስስር የለውም ማለት ይቻላል። የሚይዘው ሸካራው ገጽ ውስጥ ገብቶ ከተቆነጠጠ፣ ወይም የሚነካው ጎኑ በቅጽበት ለስልሶ ገጹን በደንብ ከለበሰ ነው። በዚያ ላይ ፖሊኢትሊን የተመረጠው ምንም ነገር ስለማይጣበቅበት ነው። ዱቄት የማይጣበቅበት ነገር እሱም በሌላ ላይ መጣበቅ ይቸግረዋል።

«አልያዘም» የምትለው ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ የወርክሾፑ ሰላምታ ሆነች። ረጭተን ስንጨርስ ላሜራው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ፓውደሩ ወለሉ ላይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ኅዳር ስለነበር ጠዋት ስንገባ ሜዳው ላይ ያለው ውርጭም እንደዚያው ነው።

አለቃችን መጀመሪያ «ከፍታው ነው፣ አየሩ ሳስቶብን ነው» አሉ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ አይሞላም። እኔ ተከራከርኩ። ጌጁ 7 ባር እስካነበበ ድረስ ውጭው መሳሳቱ ጋዙን የበለጠ እንዲስፋፋና እንዲፈጥን እንጂ እንዲዘገይ አያደርገውም። ክርክሩን ረታሁ። ከፍታው ነጻ ሲወጣ ተጠያቂ ሰው ተፈለገ፤ የተገኘውም አሸዋ የሚነፋው ልጅ ነው።

የእሱ ሥራ ከርጭቱ በፊት ላሜራውን በሳንድብላስት ማሻከር ነበር። አለቃው «በደንብ አልነፋህም» ሲሉት «ነጭ እስኪሆን ነው የነፋሁት ጌታዬ፣ ድገም ካሉኝ እደግማለሁ» አለ። ደገመ። ሦስት ጊዜ ደገመ። በደገመ ቁጥር ደግሞ ያችው ጥቂት የምትይዘዋ ብናኝ እንኳን ጠፋች። ቅዳሜ ከሰዓት ሂሳቡን ሰጡት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ላሜራውን በጥፍሬ ፍቄ ስለነበር ሸካራነቱ እንደሚበቃ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ጥፋቱ ከኖዝሉ ይሆን እያልኩ እየሰጋሁ ነበር፤ ኖዝሉ ደግሞ የእኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት ምሳ የሚሠሩልንና ግቢውን የሚያጸዱት እማማ ፓውደሩን ሊጠርጉ ገቡ። ጥግ ያለውን ላሜራ ሲያነሱ ቆም አሉ፤ በአውራ ጣታቸው ፈተግ አድርገው አሸተቱት።

«ይሄን ማን አሰሰው?» አሉ።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ታስሷል እኮ ልጄ። በጎመን ዘር የታሰሰ ምጣድ ነው የሚመስለው።»

«ዘይት አልነካውም። ልጁ አሸዋ የነፋበት ነው።»

«በምን ነፋው?»

«በአየር።»

«አየሩን ከየት አመጣው?»

መልስ አልሰጠሁም። ዞሬ ኮምፕሬሰሩን አየሁት። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ «እኛ የምናስሰው እንዳይይዝ ብለን አይደል እንዴ! እናንተ አስሳችሁ ሲያበቃ ለምን አልያዘም ትላላችሁ» አሉና መጥረጊያቸውን አነሱ።

ቱቦውን ነቅዬ ነጭ ወረቀት ላይ አስተነፈስኩት። ብዙም አልቆየ፣ መሃሉ ላይ ቢጫ እድፍ ወጣ። ላሜራው ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁ፤ መንጣፍ ሲገባው ተንከባሎ ጠብታ ሆኖ ቀረ። ሳንድብላስቱም ርጭቱም የሚሠራው በአንዱ ኮምፕሬሰር ነው። ልጁ በነፋ ቁጥር ገጹን እያሻከረ በዘይት ይቀባው ነበር። የታዘዘውን አብዝቶ በሠራ ቁጥር ሥራው የሚበላሽበት ሰው ነበር፣ ማንም አላየለትም።

በዚህ ላይ አለቃችን ስለ ከፍታው ግማሽ እውነት እንደነበራቸውም ገባኝ። ሳሳ ያለ አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር ያንኑ ጋን ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ፒስተኑ ይግላል፣ ዘይቱም ተንኖ ከአየሩ ጋር ይወጣል። መስመሩ ላይ የነበረን የውሃ ማጣሪያ ብቻ ነው። ተን የሆነውን ዘይት እሱ አያስቀረውም። ክርክሩን ባልረታ ኖሮ ኮምፕሬሰሩን ቀድመን እናየው ነበር።

እማማ አመድ በውሃ ለውሰው መጡና የመዳፍ ያህል ቦታ ፈተጉልኝ። አመድ ሳሙናነት አለው፤ ዘይት ይበላል። አጥቤ፣ አድርቄ ላሜራውን ሙሉ ረጨሁት። ያቺ መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ ነጭ ሆነች። በጥፍሬ ፋቅኳት፣ አልለቀቀችም። ሌላው ገጽ እንዳለ ባዶ ነበር። በዚያ ወርክሾፕ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ልጁ አለመኖሩ ትዝ ያለኝ ቀጥሎ ነው።

እማማ ሲወጡ አንድ ምክር ጨመሩልኝ፦ «ብቻ ብረቱን አታግለው። በጋለ ምጣድ እንጀራ ይለቃል፤ የሚይዘው ሳይግል የተሰፋው ነው።» ከዘይቱ በኋላ ያሉኝን ሁሉ አምኜ ሁለት ቀን ላሜራውን በጠዋቱ ብርድ እንዳለ ረጨሁ። ከስስ ሽፋን አላለፈም። እንጀራን የሚያስለቅቀው ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ፖሊኢትሊን ደግሞ ውሃ የለበትም። ላሜራውን ከኋላ በጋዝ ወደ 100 ዲግሪ ሳሞቀው፣ ማለትም ፕላስቲኩ ከሚቀልጥበት 130 ገደማ ዝቅ አድርጌ ስይዘው፣ ብናኙ ሲያርፍ መንጠሩን ተወና መደራረብ ጀመረ። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ወለል ላይ ነው የሚቀረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ካምብሪጅ ላይ ይህንኑ የሞከሩ ተመራማሪዎች ከረጩት ውስጥ የያዘላቸው 0.5 በመቶ እንኳን አይሞላም።

የዘይት ማጣሪያ ተገዛ። ማፍሰሻው ለብሶ ሄደ። ሪፖርቱን ስጽፍ ግን አለቃዬ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?»

«የሆነውን።»

«አመድ፣ ማሰሻ፣ ምጣድ ልትል ነው? ደንበኛው ምን ይለናል?»

«እሺ፤ ልጁን ግን እንመልሰው።»

«ሌላ ሰው ተቀጥሯል።»

«የአየር መስመሩ ማጣሪያ ተጨመረለት፤ የገጽ ጽዳት ተሻሻለ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። እማማ የሉበትም፤ ልጁም የለበትም። የእማማን ድርሻ እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ ያቺን ባለ መዳፍ ላሜራ ግን ወርክሾፑን ስለቅ ይዣት ወጥቻለሁ።

ከወር በኋላ የልጁን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩለት። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ኮምፕሬሰሩ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ትንሽ ቆየና፣

«የዘይቱን እንኳን ማንም አላወቀም፣ ጋሼ» አለኝ። «ነጭ እስኪሆን እንደነፋሁት ግን ቅዳሜም አይተው ነበር።»