ደለሉ የሚያርፍበት

ስለ መሬት መሸርሸር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምናስበው አፈሩ ስለተነሳበት ቦታ ነው፤ ስለተቦረቦረው ማሳ፣ ስለተናደው ገደል። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ከመጨረሻው፣ ማለትም አፈሩ ከሚያርፍበት ቦታ ስነሳ ነው።

አንድ ቀን አፈ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ አፈር ጨምሬ ውኃ ሞላሁበትና ክዳኑን ገጥሜ በኃይል ናጥሁት። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አሸዋው ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከሥር ተነጠፈ፤ ልም አፈሩ በሰዓታት ውስጥ ከአሸዋው ላይ ተኛ፤ ሸክላው ግን በማግስቱም ውኃውን እንዳደፈረሰው ነበር። ሁሉንም ወደ ታች የሚስባቸው ያው የመሬት ስበት ሆኖ ሳለ የሚለያቸው መጠናቸው ነው። ደቃቅ በሆኑት ላይ የቅንጣቱ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ የመስመጥ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ጠርሙሱ በቁመት የደረደረውን ወንዝ በርዝመት ይደረድረዋል። ከተራራ ወርዶ ሜዳ ሲገባ ጉልበቱ ስለሚደክም ትልልቁን ድንጋይና ጠጠሩን እዚያው ተራራው ግርጌ ጥሎ ያልፋል፣ አሸዋውን በሜዳው ላይ እያራገፈ ይሄዳል፣ ሸክላውን ደግሞ ውኃው እስከሚረጋበት ሐይቅ ወይም ባሕር ድረስ ያደርሰዋል። የዓባይ ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ ባሕር የሚገባበት ሜዳ፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ምድር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ በኋላ ደለሉ ከግድቡ ጀርባ ስለሚቀር፣ የባሕሩ ማዕበል የዴልታውን ጠርዝ እንደ ቀድሞው እየበላ ሲሄድ የተበላውን የሚተካ አፈር አልመጣለትም። አንድ ጠረፍ ባለበት የሚቆየው የሚመጣለትና የሚወሰድበት እስከተመጣጠኑ ድረስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ስሕተት የመሰለኝን አንድ ነገርም ላንሳ። ደቃቁ አፈር ከሁሉ ቀድሞ በውኃ የሚነሳ ይመስላል፤ ስዊድናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ፊሊፕ ዩልስትሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ጥናት ግን ይህ እንዳልሆነ ያሳያል። የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚጣበቁ እነርሱን ከወንዝ ወለል ለመንቀል አሸዋን ለማንሳት ከሚበቃው የፈጠነ ውኃ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከተነሱ በኋላ ግን እጅግ ዝግ ያለ ውኃም ይዟቸው ይጓዛል። ማንሳትና መሸከም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው።

አፈር ለመውረድ የግድ ወራጅ ውኃ አያስፈልገውም። ባዶ ተዳፋት ላይ የወደቀች የዝናብ ጠብታ ቅንጣቶችን በየአቅጣጫው ታፈናጥራለች፤ ወደ ቁልቁለቱ የተፈናጠረው ቅንጣት ወደ ዳገቱ ከተፈናጠረው ርቆ ስለሚያርፍ፣ ጎርፍ ገና ሳይፈጠር አፈሩ ወደ ታች መውረድ ጀምሯል። ደረቅ አሸዋ ሲከመር ደግሞ ተዳፋቱ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ ዘንበል ማለት ላይ ይጸናል፤ ተጨማሪ ሲፈስበት ጎኑ ተንሸራቶ ወደዚያው ማዕዘን ይመለሳል። ጥቂት እርጥበት ቅንጣቶቹን ያያይዛቸዋል። ክፍተቶቹ ሁሉ በውኃ ሲሞሉ ግን የውኃው ግፊት ቅንጣቶቹን እየገፋ በመካከላቸው ያለውን ሰበቃ ይቀንሰዋል። ከረጅም ዝናብ በኋላ ናዳ የሚበዛው አፈሩ ስለሚከብድ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት፣ በእኔ ግምት፣ ዋናውን ምክንያት ይዘለዋል።

በሰሜን ጣሊያን በሚገኘው የቫዮንት ግድብ የደረሰው አደጋ የውኃ ግፊት ተዳፋትን ምን ሊያደርገው እንደሚችል በአስፈሪ መጠን አሳይቷል። ከውኃ ማጠራቀሚያው በላይ ያለው የሞንቴ ቶክ ተራራ ጎን ቀስ እያለ መንቀሳቀሱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይታወቅና ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963 ምሽት ከ260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አለትና አፈር በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ ገባ፤ የተነሳው ማዕበል ግድቡን ዘልሎ ሎንጋሮኔን ጨምሮ ከታች ያሉትን መንደሮች ጠራርጎ 2,000 ገደማ ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ራሱ ዛሬም እንደቆመ ነው።

አብዛኛው ተዳፋት ግን የሚወርደው ማንም ሳያየው ነው። አፈሩ ሲርስ ወይም በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ከተዳፋቱ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ሲደርቅ ወይም በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ስበት በቀጥታ ወደ ታች ስለሚስበው ተመልሶ የሚያርፈው ከነበረበት ዝቅ ብሎ ነው። እርምጃው በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ የበቀለ ዛፍ በአፈሩ እየተገፋ ወደ ታች ሲያዘነብል እንደገና ሽቅብ ለማደግ ይታገላልና፣ ግንዱ ከሥሩ ላይ እንደ ማጭድ ቆልመም ብሎ ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ ይታያል።