የእትዬ የቡና ጣሳ

ጣሳውን ያወረድኩት ቡና መስሎኝ ነው። ስከፍተው በላስቲክ የታሰረ ዶላር ሞልቶታል። ክው አልኩ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። የሰው ቤት የሚሠራ ሰው ተደብቆ የተቀመጠ ገንዘብ ማግኘት አይፈልግም። መልሼ ከደንኩትና ለልጃቸው ደወልኩ። ሳቀች። «ገና አንዱን ነው ያገኘሽው፤ ሦስት ይቀርሻል» አለችኝ።

ይህ የሆነው በ2014 ነው፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ወደ እኛ አቆጣጠር ልመልሳቸው ሞክሬ ራሴው ጠፋሁ።) የምጠብቃቸው ሴትዮ ያኔ 90 ዓመታቸው ነበር። በልቤ እትዬ እላቸው ነበር። በአፌ ግን በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። አያቴ የሚሆኑ ሴት በባዶ ስማቸው መጥራት እስከ መጨረሻው ምላሴን እንደያዘኝ ነው።

እትዬ የሚጥሉት ነገር የለም። ፎይል ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ታጥፎ መሳቢያ ይገባል። የማርማላታ ጠርሙስ፣ የዳቦ ላስቲክ፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ ቁራጭ ክር፣ ሁሉም ቦታ አለው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ስስት መስሎኝ ነበር። ቤቱ የራሳቸው ነው፣ የጎደላቸው ነገር የለም። ከዚያ የእናቴ ግቢ ትዝ አለኝ። ሁለት እጆች የሚጨባበጡበት ሥዕል ያለው የአሜሪካ ዘይት ቆርቆሮ የጤና አዳም መትከያ ነበር። ዘይቱን ማን እንደበላው እንኳ አላስታውስም፣ ቆርቆሮው ግን 20 ዓመት ኖሯል።

እትዬ የተወለዱት በ1924 ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ ነው፣ የስንዴ ገበሬ ቤት። አሜሪካ የስደተኛ ኮታ ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ለመጣሁት ለእኔ ይቺ 100 የምትባል ቁጥር ሁሌም ታስቀኛለች። መጀመሪያ ቀን ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው «ሃይሊ ሴላሲ!» አሉ፣ እንደ ሕፃን እጃቸውን አጨብጭበው። በ1935 ጣሊያን ሲወረን የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ማታ ማታ ወሬ ይሰሙ ነበር። ታይም መጽሔትም የዚያን ዓመት ሰው ብሎ ጃንሆይን ፊቱ ላይ አወጣቸው።

ወሬ የሚሰሙበት ሬዲዮ በባትሪ የሚሠራ ነበር። መብራት የለማ! እኔ ስለ አሜሪካ 1920ዎቹ የማውቀው ከፊልም ነው። ጃዝ፣ አጭር ቀሚስ፣ የተከለከለ ውስኪ፣ በየሰፈሩ አዲስ መኪና። ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱ ከተማ ነው» አሉኝ። ከተማው በአምፖል ሲንቆጠቆጥ፣ በ1930 መብራት የነበረው ከ10 የገበሬ ቤት 1ዱ ገደማ ነው። ሀብቱም እንደ መብራቱ ነበር። ገበሬው ላይ ችግር የጀመረው በ1929 አክሲዮን ሲወድቅ አይደለም፤ አስር ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ስንዴ አጠራት። የአሜሪካ መንግሥት «ዝሩ እንጂ፣ ዋጋው የእኔ ጣጣ ነው» አለ። አንድ ቡሼል፣ 27 ኪሎ ማለት ነው፣ 2 ዶላር ገደማ አወጣ። ገበሬ ሁሉ መሬት ገዛ፣ በብድር። ጦርነቱ አለቀ፣ አውሮፓ ወደ እርሻው ተመለሰ፣ ዋጋው ወደቀ። ብድሩ ግን አልወደቀም። ታዲያ ገበሬ ምን ያደርጋል? ዋጋ ሲወርድበት የበለጠ ያርሳል። ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲያደርገው ግን ዋጋው ይብስበታል። የእትዬ አባት ትራክተር በዱቤ ወሰዱ። አገሩ ሁሉ በዱቤ ነበር፤ መኪናው፣ ሬዲዮው፣ የልብስ ስፌት ማሽኑ፣ ትንሽ ቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን በየወሩ። (እኔም ቶዮታዬን የገዛሁት እንደዚያው ነው፤ መፍረድ አልችልም።) ከከተማ ደግሞ የሻንጣ ገበሬ የሚባሉ መጡ። በባቡር መጥተው፣ ሣሩን ገልብጠው፣ ዘርተው ይሄዳሉ። ለአጨዳ ይመለሳሉ።

በ1931 ካንሳስ ታይቶ የማይታወቅ ምርት ሰጠች። ጎተራው ሞልቶ ስንዴው ሜዳ ላይ ተከመረ። ዋጋው ከ40 ሳንቲም በታች ገባ። እትዬ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ክምሩ ላይ ሲንሸራተቱ ያስታውሳሉ። «ደስ ይል ነበር» አሉኝ፣ ከዚያ ዝም።

በዚያው ክረምት የከተማቸው ባንክ ተዘጋ። አባታቸው ጠዋት ሄዱ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በቃ። ይሄ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ባንክ እንዴት እንደ ሱቅ ይዘጋል? የገባኝ በእቁብ ሳስበው ነው። ዳኛውን ሁሉም አባል በአንድ ቀን «ገንዘቤን አሁን አምጣ» ብሎ ቢይዘው ከየት ያመጣል? ገንዘቡ ዕጣ የወጣለት ሰው ጋ ነው። ባንኩም ገንዘቡን ለትራክተርና ለመሬት አበድሮታል። ከ1930 እስከ 1933 9 ሺህ ገደማ ባንኮች እንደዚህ ወደቁ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ሥልጣን ሲይዙ መጀመሪያ ያደረጉት የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ለጊዜው መዝጋት ነው። ከዚያ እሑድ ማታ በሬዲዮ ቀርበው ባንክ እንዴት እንደሚሠራ ለሕዝቡ እንደ ጎረቤት አስረዱ። ሰው አመነ፣ ገንዘቡን መለሰ። ከ1934 ጀምሮ መንግሥት እስከ 2,500 ዶላር ዋስ ሆነ። የእትዬ አባት ግን አላመኑም። እስኪሞቱ ባንክ አልረገጡም። ጣሳው የመጣው ከእሳቸው ነው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የተገለበጠው ሣር ነበር አፈሩን ይዞ የኖረው። ነፋሱ አፈሩን አነሳው። ሰሃን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ተደፍቶ ነው፣ ምግቡ ሲወጣ ብቻ ይገለበጣል። መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቀላል። ጠዋት ሲነሱ ትራሱ ላይ ጭንቅላታቸው የነበረበት ቦታ ብቻ ንጹህ ነው። ጥቁር እሑድ የሚሉት ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ነው፤ በእነሱ ሆሳዕና። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ሰው ተደስቶ ልብሱን አጥቦ አሰጣ። ከሰዓት በኋላ ተራራ የሚያህል ጥቁር ነገር ከሰሜን መጣ። የገዛ እጃቸውን ማየት እንዳቃታቸው ነገሩኝ። «እናቴ የዓለም መጨረሻ ነው ብላ ጸሎት ጀመረች፣ አባቴ ላሞቹን ሊፈልግ ወጣ።» ይህን ሲነግሩኝ እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ ነበር። እጄን አቆምኩ። ቀጥይ አሉኝ።

ላሞቹም አልበረከቱም። ድርቁ ሲብስ መንግሥት ከብት ገዛ። ለመሄድ አቅም ያጣውን እዚያው በጥይት መትተው ቀበሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ ዋጋ እንዲነሳ ብለው ለገበሬው መሬቱን በከፊል እንዳይዘራ ከፍለውታል። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ላለማረስ?» አለች። አዎ። «ለገበሬ?» አዎ። ጸጥ አለች። «እነሱ አብደው ነበር እንዴ?» አለችኝ። እኔ አብደዋል አልልም። አንድ በኩል ስንዴ ተትረፍርፎ፣ ሌላ በኩል ከ4 ሠራተኛ 1ዱ ሥራ ፈቶ ለዳቦ የተሰለፈበት አገር ነው። ስንዴው አለ፣ የሚገዛበት ገንዘብ የለም። ማን ጤነኛ መፍትሔ ያመጣል?

የዱቄት ከረጢቱን ነገር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ሴቶቹ ከከረጢቱ ልብስ እንደሚሰፉ የዱቄት ፋብሪካዎቹ አወቁ። አበባ ያለው ጨርቅ ላይ ማሸግ ጀመሩ፣ ጽሑፉም በውሃ እንዲለቅ አደረጉ። እናታቸው አባታቸውን ወደ ሱቅ ሲልኩ «ሰማያዊ አበባ ያለውን አምጣ፣ ለአንድ ቀሚስ ሦስት ያስፈልገኛል» ይሉ ነበር። ይህ ደግነት ይሁን ንግድ፣ እትዬና እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራክረናል። እኔ ንግድ ነው አልኩ። እሳቸው «ቀሚሱን ለብሰሽው ቢሆን እንዲህ አትዪም ነበር» አሉኝ።

የዚያ ዘመን ሕግ እኔንም እንደሚነካኝ ያወቅሁት በኋላ ነው። በ1935 የጡረታው ሕግ ወጣ፣ በ1938 ደግሞ የዝቅተኛ ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ሕግ፤ በሰዓት 25 ሳንቲም። የእርሻና የቤት ሠራተኞች ግን ከሁለቱም ውጭ ቀሩ። አብዛኞቹ ጥቁር ሠራተኞች የሚሠሩት ደግሞ በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነበር። በ1974 የቤት ሠራተኞች በደሞዙ ሕግ ገቡ። አረጋዊ ቤት ሄዶ የሚጠብቅ ሰው ግን አሁንም ተተወ። ሕጉ ሠራተኛ ሳይሆን አጫዋች ነበር የሚለው። አረጋዊ ሰው አንስቶ ገላ ማጠብ ጨዋታ ከሆነ፣ አዎ፣ ስንጫወት ነው የከረምነው። በሳምንት 60 ሰዓት ስሠራ የመጨረሻዋም ሰዓት ዋጋዋ እንደ መጀመሪያዋ ነበር። ማንም ሕግ አልጣሰብኝም፣ ሕጉ ራሱ እንዲያ ነበር።

የተለወጠው በ2015 መገባደጃ ነው። የመጀመሪያው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያለበት ቼክ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ለእትዬ አሳየኋቸው። ስለ 1938ቱ ሕግም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ቼኩን ተቀብለው ማጉያ መስታወታቸውን አነሱ፣ አገላብጠው ረጅም ጊዜ አዩት። እንኳን ደስ አለሽ የሚሉኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«የየትኛው ባንክ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

«እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ናቸው። አሁኑኑ ሄደሽ ጥሬ ገንዘብ አድርጊው፤ እኔ ብቻዬን እቆያለሁ።»