ከመርፌው በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት

ግርሻን፣ በቅማል የሚተላለፈውን እየተመላለሰ የሚመጣ ትኩሳት፣ ማከም ቀላል ነው ይባላል። ልክ ነው፣ መርፌው ቀላል ነው።

ክረምት ነበር፣ እኔም ለጤና ጣቢያው አዲስ ነርስ። አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት በጓደኛው ትከሻ ተደግፎ መጣ። ትኩሳት አለው፣ ሹራቡ ስፌት ላይ ቅማል ይታያል። ብለድ ፊልሙ ላይ፣ በማይክሮስኮፕ በሚታየው ደሙ ውስጥ፣ የግርሻው ባክቴሪያ ቦሬሊያ ተገኘ። ፔኒሲሊኑን ወጋሁትና ወደ ሌላ ታካሚ ሄድኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው።

ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ጓደኛው እየሮጠ መጣ። ልጁ ሲንቀጠቀጥ የአልጋው እግር ሲሚንቶው ላይ ይንኳኳል። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ ምንም። ትኩሳቱ 41 ገባ። «ምን ወጋሽው?» አለኝ ጓደኛው። ጠዋት «ሲስተር፣ እርስዎ» ሲለኝ የነበረ ልጅ ነው። ብርዱ ሲለቀው ደግሞ በላብ ተጠመቀ፣ ቢፒው (የደም ግፊቱ) ወረደ። ደም ስር ፍለጋ የገባሁት ያኔ ነው። በወረደ ቢፒ ደም ስር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? በአራተኛው ሙከራ ተገኘ። ፈሳሽ ገባለት፣ ማታ ላይ ተረጋጋ።

ኃላፊያችን ካርዱ ላይ በቀይ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ብሎ ጻፈ። እኔም ዝም አልኩ። አለርጂ ግን አልነበረም፦ ሽፍታ የለ፣ ማሳከክ የለ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የለ። ጃሪሽ-ሄርክስሃይመር ሪአክሽን ይሉታል። ባክቴሪያው በአንዴ ሲያልቅ ሰውነት ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን-6 የሚባሉ የመከላከያ መልእክተኞችን በገፍ ይለቃል። ሰውየውን የሚያንቀጠቅጠው የራሱ መከላከያ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ፣ ከበግ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 ታካሚዎች 10ሩን ሪአክሽኑ ያዛቸው፤ ካልተሰጣቸው 29 ግን 26ቱን። ይህን ያነበብኩት ከወራት በኋላ ነው። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው መመሪያ «ተከታተል» ብቻ ይላል። ምን እንደሚመጣ ሳይነግሩኝ ምኑን ልከታተል?

አሁን መርፌውን ከማንሳቴ በፊት አይቪ፣ በደም ስር ፈሳሽ የሚገባበትን መስመር፣ እከፍታለሁ። ወረፋው ረዘመ ብለው ይቆጡኛል፣ ይቆጡ። አስታማሚውን «ይንቀጠቀጣል፣ እንዳትደነግጥ» እለዋለሁ። ታካሚው ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም፤ ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል። ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ቀድመሽ ስጪ የሚሉኝንም አልሰማም፣ ሪአክሽኑን አያስቀረውም።

ጥናቱን ባነበብኩ ማግስት ካርዱን ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ ቀዩን ጽሑፍ ሰረዝኩት። ልጁ ግን ተመልሶ አልመጣም። የትም ቦታ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» እያለ ይሆናል።