ማስቲሹ ይድረቅ

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ሕንጻዎች በአንዱ ጥግ፣ ጫማ ሰፊ ጋ ተቀምጬ ነበር።

ከእኔ ቀድሞ የመጣ ባለ ከረባት ወጣት ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። «አባባ፣ በቃ ይለጥፉልኝ፤ ስብሰባ አለብኝ።»

ሰውየው ሶሉንም ጫማውንም ማስቲሽ ቀብተው ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋል። ቀና እንኳ አላሉም። «እርጥቡን ብለጥፈው እስብሰባው ላይ ነው የሚለቅህ።»

እውነታቸውን ነው። ማስቲሽ ሁለቱም ወገን ይቀባል፤ ጣት ላይ መያዙን ሲተው ይጋጠማል። ከዚያ መዶሻ።

ሲጠበቅ የሚደረግ ነጠላ ጫማ ይሰጣሉ። ታዲያ ግራና ቀኙ አይገጥምም፤ ማንም ይዞ እንዳይጠፋ መሰለኝ። ባለ ከረባቱ አንድ እግሩ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ነው። በዚያ እግር የት ይኬዳል? ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉ እናት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጀመሩት። ትንሽ ቆይቶ አዘዞ ያለችው አክስቱ ጎረቤታቸው ሆና ተገኘች! ስብሰባው ተረሳ።

እኔ ደግሞ ስለ እርቅ አሰብኩ። ባልና ሚስት ማታ ይጣላሉ፣ ጠዋት «በሉ ተሳሳሙ» ይባላሉ። ቁጣው ገና እርጥብ ነው። ወር ሳይሞላ ያው ጠብ። ሽማግሌዎች ዛሬ አንዱን፣ ሌላ ቀን ሌላውን እየሰሙ ቀጠሮ ሲያበዙ ጊዜ የሚያባክኑ ይመስለን ነበር። አሁን በስልክ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍተን፣ በ10 ደቂቃ እናስታርቃለን።