ባዶው ሳጥን

ዘራቸውን ለሚፈልጉ ደንበኞች የስፓኒሽ መዝገቦችን የምንተረጉምበት ቢሮ የደረሰው ሰነድ አንድ ገጽ ነው። ኩባ፣ ማታንሳስ፣ 1850ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የጥምቀት መዝገብ ነው፤ ያውም ነጮቹ ከሚጻፉበት ሳይሆን «ፓርዶስ ኢ ሞሬኖስ» ከሚባለው የክልሶችና የጥቁሮች መጽሐፍ። የጀርባው ገጽ ቀለም ወደዚህኛው ዘልቋል። ሕፃኗ «ኢሃ ናቱራል» («ኢሃ» ልጅ ማለት ነው)፣ እናቷ «ሞሬና» (ጥቁር)፤ ከእናትየዋ ስም ቀጥሎ «ሉኩሚ»፣ ከዚያ «ኤስክላቫ ዴ ዶን» (የዶን እገሌ ባሪያ) ብሎ የጌታዋ ስም።

«ናቱራል» ብቻውን ሲቆም ወላጆቿ በጋብቻ አልተሳሰሩም ማለት ነው። «ናቱራል ዴ» ሲል ግን የትውልድ ቦታ ይከተላል። ይህን የማይለይ ተርጓሚ ሌላውንም አያገኘውም። እኔና አራሚያችን እዚያ ላይ ግን አልተጣላንም፤ የተጣላነው በ«ሉኩሚ» ነው።

የቢሮው ቅጽ ለእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የአባት ወገን መጠሪያ፣ የእናት ወገን መጠሪያና ማስታወሻ የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉት። ሁለቱን መጠሪያዎች ባዶ ትቼ «ሉኩሚ»ን በማስታወሻው አሰፈርኩ። አራሚያችን እንደኔው በኩባዋ ደሴት በኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ያደጉ፣ በዕድሜም በስፓኒሽም የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። ቃሉን አንስተው መጠሪያው ሳጥን ውስጥ ከተቱት።

«ጋሼ፣ ይሄ የአያት ስም እኮ አይደለም። የመጣችበትን ወገን ነው የሚናገረው።»

«ባዶ ሳጥን ይዞ የወጣ ሥራ ተመላሽ ነው። ደግሞ ካርሎታ ሉኩሚን ረሳሃት? ክፍል ውስጥ ስንቴ ተማርናት?»

አልረሳኋትም። ካርሎታ በ1843 ማታንሳስ ውስጥ በትሪዩንቪራቶ የስኳር ፋብሪካ የተነሣውን አመፅ ከመሩት አንዷ ናት፤ ኩባ በ1975 ወደ አንጎላ ጦር ስትልክ ዘመቻውን በስሟ ሰይማዋለች። ግን ከ«ካርሎታ» ቀጥሎ ያለው ቃል ከአባቷ የወረሰችው አይደለም፤ ጸሐፊዎች የለጠፉባት ነው። ይህን ስላቸው «እስከ ዛሬ ማን ለየው?» አሉኝና ወደ ሌላ ገጽ ዞሩ። ያ መልስ አሁንም ይቆረቁረኛል።

መለየቱ ዋጋ አለው። «ዴ ናሲዮን» የተባለ ሰው አፍሪካ የተወለደ ነው፤ «ክሪዮዮ» የተባለው ኩባ የተወለደ። «ናሲዮን»ን «ዜግነት» ብሎ የተረጎመ ፈላጊውን መንገድ አስቶታል። ከዚያ የሚከተለው ቃል የባሪያ ነጋዴዎች ስያሜ ነው፦ ሉኩሚ ዛሬ ዮሩባ የምንላቸውን ሕዝቦች፣ አራራ የፎንና የኤዌ ሰዎችን፣ ካራባሊ በካላባር ወደብ በኩል የተጫኑትን፣ ኮንጎ የኪኮንጎና የዘመድ ቋንቋዎቹን ተናጋሪዎች ይጠቀልላል። ሰዎቹ አገራቸው ሳሉ ራሳቸውን በአብዛኛው እንዲህ ብለው አይጠሩም ነበር። ቢሆንም ቤተሰቡ ምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር የሚጠቁም ሌላ ቃል ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሁለተኛ ቃል ከታከለበት ደግሞ ወርቅ ነው፤ «ሉኩሚ ኤዮ» ወደ ኦዮ፣ «ሉኩሚ የሳ» ወደ ኢጄሻ፣ ማለት ወደ ተለዩ የዮሩባ ወገኖች ያመለክታል።

ቃሉ መጠሪያ ሳጥን ውስጥ ሲገባ የሆነውን ሰነዱን ያስተረጎመችው ደንበኛችን ናት ያሳየችን። አንድ እርሻ ላይ ሁለት «ሉኩሚ» ሴቶች አግኝታ በሠራችው የዘር ሐረግ ላይ እህትማማች አድርጋቸዋለች። የሚያገናኛቸው ግን የነጋዴው ቃል ብቻ ነው። የልጅቱን የኋላ መዝገብም «ሉኩሚ» እያለች ስትፈልግ አጥታዋለች፤ ልጅቱ የተጻፈችው በጌታው መጠሪያ ነበርና።

በስልክ ስናወራ፣ አያቷ ቀዝቃዛ ውኃ መሬት ላይ እያፈሰሱ «ኦሚ ቱቱ» (ቀዝቃዛ ውኃ) ይሉ እንደነበር ነገረችን። ቃሉ ዮሩባ ነው፣ ደስ አላት። ግን ሉኩሚ በኩባ ሳንቴሪያ የሚባለው ከአፍሪካ የመጣ እምነት የጸሎት ቋንቋ ሆኖ ስለቀረ፣ የኮንጎ ዘር ያለውም፣ ነጩም እምነቱ ውስጥ ከገባ ይለዋል። የጸሎት ቃል ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም። የገበታና የእሹሩሩ ቃላት፣ ከመዝገቡ ቃል ጋር ሲገጥሙ ይሻላሉ። ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ከበደኝ፣ ግን መነገር ነበረበት።

የልጅቱን መዝገብ ያገኘነው የመንግሥት ምዝገባ ኩባ ውስጥ በ1885 ከተጀመረ በኋላ ከተጻፉት ውስጥ ነው። የጌታው መጠሪያ፣ ከዚያ ሦስት ትንንሽ ፊደላት፦ ኤስ፣ ኦ፣ አ። «ሲን ኦትሮ አፔዪዶ»፣ ሌላ መጠሪያ የላትም ማለት ነው። ባርነት በ1886 ሲያበቃ፣ ነጻ ከወጡት ብዙዎቹ ሁለተኛ መጠሪያ ስላልነበራቸው በሰነድ ላይ ይህ ተጻፈላቸው። አንዳንድ ጀማሪ «ሶአ» የሚል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል። እነዚያ ፊደላት ከባርነት የመጣ ቤተሰብን የሚጠቁሙ ናቸው፤ ወላጆቹ ያልተጋቡ ሰው ላይም ስለሚገኙ ብቻቸውን አይበቁም። ከዚያ በኋላ የሚፈተሸው የውል አዋዋዮች መዝገብ ነው፤ የሽያጭ ውልና «ካርታ ዴ ሊቤርታድ» የሚባለው የነጻነት ሰነድ ናሲዮንና ዕድሜን አብረው የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰነዱን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ባዶ ሳጥኑን መዝገቡ ራሱ ጽፎታል» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከሥሩ የነበረውን ሌላ ወረቀት ሳቡ፤ የእናትየዋ የሞት መዝገብ ነው። እዚያ «ሉኩሚ» ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ ልክ እንደ መጠሪያ ከስሟ ጋር ተያይዞ ተጽፏል። ስትሞት ስሟ ሆኖ ነበር።

ለጥምቀቱ ገጽ ሳጥኑን ባዶ፣ ለሞቱ ገጽ «ሉኩሚ» ብለን ላክን፤ በሁለቱም ማስታወሻ ላይ ቃሉ እንዴት እንደተጻፈ ገለጽን። የናሲዮን ሳጥን ይጨመርልን ብለን ለበላዮቻችን ጽፈን ነበር። ቅጹ ዛሬም አራት ሳጥን ነው።